የማክሰኞ ከሰዓት ሴቶች

ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ ለባጃጅ ማኅበራት፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ሁሉ፦ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ከጫማ ሰፊው ሐምዛ ጎን የሚገኘው የአስማረ ፎቶ ቤት፣ ከእንግዲህ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝግ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን።

እርግጥ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይህን ያህል ማዕረግ የለውም። በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ማክሰኞ ከሰዓት የለሁም» ነው የሚለው። ከተማው ያነበበው ግን ከላይ በጻፍሁት አኳኋን ነው። እኛ ዘንድ ሱቅ የሚዘጋው ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያገባ፣ ወይም የገቢዎች ሰዎች በዚያ በኩል ታዩ ሲባል ነው። ሳይሞትበትና ሳያገባ፣ ቀን መርጦ፣ ያውም ከምሳ በኋላ የሚዘጋ ወንድ አንድ ነገር አለው። አንድ ነገር ያለው ወንድ ደግሞ፣ በፒያሳ ሻይ ቤቶች ስሌት፣ አንዲት ሴት አለችው።

ስሌቱ ትንሽ ስሕተት ነበረበት። ሴቲቱ አንዲት አልነበረችም። በየሳምንቱ ሌላ ነበረች። ሁሉም ደግሞ ሕፃን ታቅፈው ነበር።

ይህን ለልዕልት ያደረሰችላት የሥራ ባልደረባዋ ምሥራቅ ናት። ሁለቱም የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ልዕልት ደንብ ታረቅቃለች፤ ምሥራቅ ማኅተም ትመታለች፤ ወሬም ከማኅተሙ ጋር አብራ ትመታለች።

«አስማረን አየሁት» አለች ምሥራቅ፣ ማኅተሙን ቀለም እያስነካች።

«የት?»

«ከዓይን ሐኪሟ ከዶክተር አዜብ ክሊኒክ በር ላይ። ሕፃን ታቅፎ።»

«የሰው ልጅ ይሆናላ።»

«የሰው ልጅ መሆኑንማ አይቻለሁ፤ የበግ ግልገል አይመስልም። የየትኛው ሰው ልጅ ነው ነው የምልሽ።» ማኅተሙን ዷ አደረገችው። «ባለፈው ማክሰኞ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ ከደጋ የመጣች የምትመስል፣ ጋቢ የደረበች። እኔ ምን አገባኝ። ወንድ ልጅ ደግ ሲሆን ግን እፈራለሁ።»

ልዕልት ፊት ለፊቷ ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ስታበቃ ከወረቀቱ ውስጥ የቀራት ነገር «ታቅፎ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ከአስማረ ጋር ያስተዋወቃት ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ደንብ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ በመድን ለመታከም ፎቶው በቤተሰቡ የመድን ካርድ ላይ መለጠፍ አለበት ይላል። ደንቡን ያረቀቀችው ልዕልት ናት። ፎቶዎቹን የሚያነሣው አስማረ ነው። አንድ ቀን አንድ እሽግ ሙሉ ፎቶ መልሳ ላከችበት፤ ምክንያቱ «የሕፃናቱ ዓይን የተከደነ በመሆኑ»። እሱም እሽጉን ተሸክሞ ቢሮዋ ድረስ መጣና ቆቡን አወለቀ።

«እመቤቴ፣ ሳምንት ላልሞላው ልጅ ዓይንህን ግለጥ ብዬ ደብዳቤ ልጻፍለት?»

«ከፈለግህ ጻፍለት። ግልባጩን ለእኛ አድርግ» አለችው።

እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ዓመት አልፎታል። እሱ ከመካነ ብርሃን፣ ከገበሬ ቤት፣ አንድ ካሜራና አንድ ሸጋ ሣቅ ይዞ የወረደ ልጅ ነው። እሷ የዶክተር ታሪኩ ልጅ ናት። ዶክተር ታሪኩ የአፈር ሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አፈሩን ትተው ኮሚቴ ያዙ። በአሁኑ ሰዓት «የጨቅላ ሕፃናት የዓይን ምርመራ አስገዳጅነትና የመድን ሽፋን አጥኚ ኮሚቴ» ሰብሳቢ ናቸው። የኮሚቴው ስም ተነቦ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሐሳቡ ግን መልካም ነው፦ ማንኛውም ሕፃን ዓይኑ ሳይታይ ከተወለደበት ሆስፒታል እንዳይወጣ፣ ወጪውንም መድኑ እንዲሸፍን። ሐኪሞቹ «ማን ይከፍለናል?» ይላሉ። መድኖቹ «ካርድ ላይ ለሌለ ልጅ አንከፍልም» ይላሉ። ልጁ ካርድ ላይ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ አንዳንዴም ጥርስ አውጥቶ ይገኛል። አፈር የአፈር መምህርን አያስቸኩለውም፤ ኮሚቴውም አላስቸኮላቸውም።

ልዕልት ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። አስማረ ካሜራውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ነገ ከሰዓት የት ነህ?»

«ሥራ አለኝ።»

«ምን ሥራ?»

የተጠረገውን መልሶ ጠረገው። «ልዕልት፣ የፊታችን እሑድ ሽማግሌ እቤታችሁ ይመጣል። አጎቴ አያ እንኳየሁ ዓርብ ከመካነ ብርሃን ይነሣሉ። እስከዚያ ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ሌላ የምፈልገው የለኝም። ከእነዚያ ልጆች ያንተ አለ?»

«የለም።»

«ከእናቶቹስ?»

«እሷም የለችም።»

«ታዲያ ምንህ ናቸው?»

ቀና ብሎ አያት። ዓመት ሙሉ የምታውቀው ዓይን ነው፤ ደስ ሲለው ጠበብ የሚል፣ ሲዋሽ ደግሞ ገና አይታው የማታውቀው። አሁን የሚዋሽ ይሁን አይሁን የምታመሳክርበት አልነበራትም።

«አልናገርም» አላት።

በቁጣ አልነበረም። ባለሱቅ «ዳቦ አልቋል» በሚልበት ድምፅ ነው። የተቆጣ ሰው ይለመናል፤ ያለቀ ዳቦ ግን አይለመንም። ልዕልት ከሱቁ ወጣች። መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ሙሽሮችና ክርስትና ልጆች ሁሉ፣ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር የሚያውቁ መሰሏት።

በማግሥቱ የራስ ምታት ብላ ከሥራ ቀረች። ከምሳ በኋላ ከክሊኒኩ ማዶ ካለ የባጃጅ መቆሚያ፣ ከአንድ የገብስ ነጋዴ ጆንያ ኋላ ቆመች። የዶክተር ልጅ ከጆንያ ኋላ ስትቆም ምን እንደሚሰማት ያልቆመ አያውቀውም። ነጋዴው አንዴ አያትና «እህቴ፣ ትገዣለሽ ወይስ ባል ነው?» አላት። «ገና ነው» አለችው።

አስማረ መጣ። ከጎኑ አንዲት ሴት አለች፣ ፊቷን በነጠላ እስከ አፍንጫዋ የሸፈነች። ሕፃኑን እሱ ታቅፏል። አስተቃቀፉ የሚያውቅ ሰው አስተቃቀፍ ነው፤ አንገቱን ደግፎ፣ ፊቱን ከፀሐይ መልሶ። ከምንም በላይ ያ ነው የቆረቆራት።

ቀጥሎ ቦርሳውን አየች። ቡናማ፣ እጀታው ላይ የነሐስ ቀለበት ያለው። ያንን ቦርሳ የገዛችው ራሷ ናት። ለታላቅ እህቷ ለሄለን፣ የልጇ ክርስትና ዕለት ያበረከተችላት ስጦታ ነው።

ሴቲቱ በሩ ላይ ዞር ስትል ነጠላው ተንሸራተተ። ሄለን ነበረች። ልዕልት ጆንያውን ያዘች፤ ገብሱ ከጣቶቿ ሥር ሲንሸራተት ተሰማት፣ አብሮት የሚንሸራተት ሌላም ነገር ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ልዕልት ከጆንያው ኋላ ቀርታለች። እኔና አንተ ግን ማንም ስለማይከለክለን እንግባ።

ጨለማ ክፍል ነው። ዶክተር አዜብ ትንሿን መብራት አጥፍታ መጋረጃውን ገለጠችና ሕፃኗን ለእናቷ መለሰች። ሕፃኗ ኖላዊት ትባላለች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣችው ገና አሁን ነው። አስማረ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

ነገሩ የጀመረው ዶክተር አዜብ ለፓስፖርት ፎቶ ልትነሣ ፎቶ ቤቱ የገባች ዕለት ነው። እሱ ኮምፒዩተር ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶ ያሣምር ነበር። ፎቶግራፈር ሁሉ እንደሚያደርገው። የካሜራ መብራት ዓይንን በፎቶ ላይ ቀይ ያደርጋል፤ ፎቶ ቤት ደግሞ ቀዩን በጥቁር ነጥብ ይሸፍናል፤ እናት ደስ ይላታል። ያ ሕፃን ግን አንድ ዓይኑ ቀይ፣ ሌላው እንደ ወተት ጠብታ ነጭ ነበር፤ አስማረ ሁለቱንም እኩል ጥቁር አደረጋቸው። ዶክተሯ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «ያጠፋኸውን መልሰው» አለችው። መለሰው። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስታይ፣ ከማሣመርህ በፊት እናቲቱን ወደኔ ላክ» አለችው። ዓይን የተገለጠበት ፎቶ ብቻ ይምጣ የሚል ደንብ ባይኖር እንኳን ሊያየው፣ ሊያነሣውም አይችልም ነበር። የደንቡ ባለቤት ግን ከውጭ ከጆንያ ኋላ ናት።

መላክ ግን በቃል እንደሚባለው አይደለም። ከደጋ የወረደች እናት ከተማውን አታውቀውም፤ ብታውቀውም የልጇን ነውር በሰው ፊት አታወርድም። ይልቁንም የሴት ልጅ ከሆነ። ዛሬ የተወራባት ነገር ነገ ባል ሲመጣ ከደጃፍ ይመልሰዋል። የመጀመሪያዋ፣ ከጃናሞራ የመጣችው፣ «እንደ ወንድም ካደረስኸኝ፣ እንደ ወንድም ማልልኝ» አለችው። በመድኃኔ ዓለም ማለላት፤ ለእናቱም፣ ለሚያገባትም እንደማይናገር። ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚያው አስማሉት። ሄለንም እንደነሱ።

«ሞራ ነው» አለች ዶክተር አዜብ። «ይዛው የተወለደችው። በግራ ዓይኗ። ይወጣል፣ አትፍሪ፤ ግን ዘግይተናል። ጭንቅላቷ ያንን ዓይን እየተወው ነው። ጨርሶ ከተወው በኋላ መስኮቱን ብጠርገውም ውስጥ የሚያይበት የለም። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ከዚያ አታሳልፊው። አባቷ መጥቶ ይፈርም፣ ቤተሰብም ይወቅ፤ የሚያስታምም ያስፈልግሻል።»

ሄለን ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች። ባሏ ጌትነት የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነው፤ አዲ አርቃይ ከቁልቁለቱ ሥር ይሠራል። እሱን መጥራት አይቸግራትም። የቸገራት ሌላ ነው።

«አባዬ ይሞታል» አለች።

«በልጅ ልጁ የዓይን ሞራ የሞተ አያት እስከዛሬ አላጋጠመኝም።»

«አታውቂውም። የወለድኩ ዕለት፣ ነርሷ ትንሽ መብራት ይዛ መጣች። 'ለሙከራ እያየን ነው፣ የእርስዎንም እንያት?' አለችው። 'አይሆንም' አላት። 'ደንቡ ሳይጸድቅ የሰብሳቢው የልጅ ልጅ ቀድማ ታየች ይባላል፤ ተራዋን ትጠብቅ' አላት።» ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «ኮርቼበት ነበርኮ። እንዲህ ያለ አባት አለኝ ብዬ።»

ዶክተር አዜብ ቀልዷን ትታ ወንበር ሳበችላት።

«እኅት ዓለም» አለ አስማረ፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ፣ «ንገሪያቸው። እስከ እሑድ።»

«አንተ ምለሃል።»

«እኔማ ምያለሁ። አንቺ አልማልሽም።»

በዚያ ምሽት እራት ላይ ሁለቱ እህቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሄለን ከአራስነቷ ጀምሮ በአባቷ ቤት ናት።

«ከሰዓት የት ነበርሽ?» አለቻት ልዕልት።

«ገበያ።»

«ምን ገዛሽ?»

«ምንም። ሁሉ ነገር ተወዷል።»

ዶክተር ታሪኩ ከራስጌ ሆነው፣ የኑሮ ውድነት አንድ ራሱን የቻለ ኮሚቴ እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ልዕልት ግን ሕፃኗን እያየች ነበር፤ እናት ትከሻ ላይ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። የአስማረን አፍንጫ እየፈለገች እንደሆነ ስታውቅ አፈረች። አፍራም መፈለጓን አልተወችም። የጌትነት አፍንጫ ነው። ወይም የማንም አፍንጫ ነው፤ የዚህ ዕድሜ አፍንጫ ሁሉ አንድ ነው። ሳህኑን ስታነሣ እህቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። አብረው አንድ አልጋ ላይ አድገው፣ በዚያች ቅጽበት እንደ ሁለት የአውቶብስ ተሳፋሪ ሆኑ።

እስከ ቅዳሜ ችላ ቆየች። ቅዳሜ ጧት በስልክ ጻፈችለት፦ «ነገ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አያ እንኳየሁ ትናንት ተነሥተዋል። ስልክ የላቸውም።»

ቆይቶ ሌላ መጣ፦ «ቢኖራቸውም አልደውልም።»

ሁለተኛውን መልእክት ብዙ ጊዜ አነበበችው። የሚያታልል ሰው እንዲህ ይደፍራል? ወይስ የሚደፍረው የሚያታልል ብቻ ነው? ስልኩን ከትራስ ሥር ከተተችው፤ እዚያም ሆኖ ያያት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ከዶክተር ታሪኩ ሳሎን ገብተው ቆሙ። አያ እንኳየሁ ከዘራቸውን ተደግፈው መሐል፣ የሰፈሩ ቄስ በቀኝ፣ ጫማ ሰፊው ሐምዛ በግራ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፤ ወጉ ነው። ልዕልት ከመጋረጃው ኋላ መሆን ሲገባት ከመጋረጃው ፊት ሆናለች። ሄለን ሕፃኗን ይዛ ከጥጉ ወንበር ላይ ናት።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አሉ ዶክተር ታሪኩ፣ እንደማያውቅ። ይህም ወጉ ነው።

«እንግዲህ ዶክተር» አሉ አያ እንኳየሁ፣ «ሸጋ ልጅ አለችዎ ብለን ሰማን። እኛም የማይረባ ልጅ አለን። የኛን በእርስዎ ቤት ልጅ ያድርጉልን፣ የእርስዎን በኛ ቤት ልጅ እናድርግልዎ ብለን መጣን።»

«የማይረባ መሆኑን እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ዶክተሩ።

ቄሱ ሊስቁ ነበር፤ የዶክተሩን ፊት አይተው በሳል ለወጡት። የኮሚቴው ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ አባል ከዶክተሩ ጆሮ የጣለው ወሬ አለ፦ ፎቶግራፈሩ፣ ማክሰኞ፣ ትልቋ ልጅዎ። ወሬው ምሥራቅ ከመታችው ማኅተም ጋር ተያይዞ እንደደረሰ መገመት ይቻላል።

«ልጁ ራሱ ይምጣ» አሉ።

«ምነው ዶክተር» አሉ አያ እንኳየሁ። «ባል ለራሱ ሽምግልና ይመጣል እንዴ? ይኸ ሽምግልና ነው እንጂ ችሎት አይዶለም።»

«ዛሬ ችሎት ነው።»

ሐምዛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመጣ አይቀር እዚሁ ከአጥሩ ሥር ነው ያለው። ጫማው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ላይ ቁም ብዬዋለሁ።»

አስማረ ገባ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመ። ልዕልትን አያት፤ እሷ መሬቱን አየች።

ዶክተር ታሪኩ ስብሰባ ሲከፍቱ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ከትልቋ ልጄ ጋር የት ነበርህ? ምንስ ትሠራ ነበር?»

ሄለን ሕፃኗን ይበልጥ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ልዕልት አሁን ቀና አለች። ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ በጉሮሮዋ ይዛ የዞረችው እሷ ነበረች፤ አባቷ አፍ ላይ ስትሰማው የራሷ ውርደት ሆኖ ተሰማት።

አስማረ ሄለንን አላያትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኮሚቴ የምስጋና ወረቀት አየ።

«አልናገርም» አለ።

«አንተ ልጅ» አሉ አያ እንኳየሁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከመካነ ብርሃን እስከዚህ ወገቤ ተቆርጧል። ሌላው ቢቀር አንዲት ውሸት እንኳ አታመጣም?»

«ውሸት አላዘጋጀሁም፣ አያ።»

ልዕልት ያኔ አንድ ነገር አየች። አጥፍቶ የተያዘ ሰው ምክንያት ይደረድራል፤ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ሌላ ሰው ያስጠራል። ይህ ሰው እሷን ሊያጣ ነው። እያወቀ ነው። እግሩ እንኳ ሳይንቀሳቀስ፣ ሊያወጣው የሚችለውን አንድ ቃል አፉ ውስጥ ይዞ፣ ደግሞም ሄለን ወዳለችበት ጥግ በስሕተት እንኳ ዓይኑን ላለመጣል እየተጠነቀቀ ቆሟል። የደበቀው የራሱን አይደለም። ታዲያ የማንን?

ወደ ጥጉ ዞረች። ሳምንቱን ሙሉ አይታው ያላየችው ነገር እዚያ ነበር።

«ሄለን» አለች በዝግታ፣ «ልጅቷን ምነው ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ታዞሪያታለሽ?»

ሄለን ልትመልስ አፏን ከፈተች። «ገበያ» የሚለው ቃል ከአፏ ሊወጣ ሲል ልዕልት አየችው። ሄለን ግን ዋጠችው። ተነሣች፤ ሕፃኗን ከትከሻዋ አውርዳ ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዞረቻት።

«እኔ ነኝ ያስማልሁት» አለች። «የክርስትናዋ ፎቶ ላይ አየው። ለብቻዬ ጠርቶ አሳየኝ። ሐኪም ጋ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር ብዬ በመድኃኔ ዓለም ያስማልሁት እኔ ነኝ። ግራ ዓይኗ ሞራ አለበት፣ አባዬ። ይዛው ነው የተወለደችው። የፊታችን ማክሰኞ ካልወጣላት ያ ዓይን ይቀራል።»

ዶክተር ታሪኩ እጃቸውን ዘረጉ። ሄለን ሕፃኗን ሰጠቻቸው። ወደ መስኮቱ ወሰዷት፤ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ሐምዛ አንሥቶ አቀበላቸው። ኖላዊት አያቷን አየች፤ በአንድ ዓይኗ።

«ከተወለደች ጀምሮ» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ነርሷ መብራት ይዛ የመጣች ዕለትም ነበረ።»

«አዎ።»

«ያኔ ቢታይ ኖሮ።»

ሄለን ለዚህ አዎ አላለችም። ማለትም አላስፈለጋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ኮሚቴ ማን ይፈርማል፣ ማን ይከፍላል፣ ከየትኛው በጀት ተብሎ ተጠይቋል። የማን ልጅ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ዶክተር ታሪኩ ጀርባቸውን ለሰዉ ሰጥተው በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ውጭ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አጥርና አስማረ ቆሞበት የነበረው ድንጋይ ብቻ።

ልዕልት ወደ አስማረ ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሽማግሌና አንድ አባት ስላለ አልነካችውም። አጠገቡ ግን ቆመች፣ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው።

«እኔ አልጠየቅሁህም ነበር ማለት እፈልጋለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

«ጠይቀሽኛል።»

«ከጆንያ ኋላም ቆሜያለሁ።»

«አይቼሻለሁ። የገብሱ ነጋዴ የሐምዛ አማች ነው።»

አይቷት፣ ጥርጣሬዋን አውቆ፣ ያን ሁሉ ቀን ተሸክሞላት ኖሯል። መቀየም ይገባው የነበረው እሱ ነበር፤ እሱ ግን ሽማግሌ ላከ።

ዶክተር ታሪኩ ከመስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የሰብሳቢ ድምፅ ነው።

«ጌትነት ዛሬውኑ ይደወልለት። ነገ እዚህ ይሁን። ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከሰዓት» አለች ሄለን።

«እኔ አብሬ አድራለሁ።» ሕፃኗን አልመለሱም። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ገና አሁን እንዳዩ ሆነው ተመለከቷቸው። «ምነው ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ።»

አያ እንኳየሁ ቃሉ ከዶክተሩ አፍ እንደወጣ፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡባቸው፣ ከዘራቸውን ጥለው ተቀመጡ። ቄሱ ተከተሉ። ሐምዛ ከሁሉ ኋላ፣ ግን ከሁሉ በላቀ ጥንቃቄ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅ ተሰጠ ማለት መሆኑን ከእነሱ ያላነሰ ያውቃል። ልዕልት የተፈቀደላትን ነገር ለመያዝ እጇን ብትዘረጋ አየሩ ራሱ እጇን የሚሞላላት መሰላት።

አንድ ሰው ብቻ አልተረጋጋም። ዶክተር ታሪኩ ሕፃኗን በግራ ክንዳቸው ታቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ እየፈለጉ ነበር።

«ልጄ» አሉ አስማረን። እንዲህ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያ ነው። «ሌሎቹስ ሴቶች? በየማክሰኞው የወሰድሃቸው። ነገ ኮሚቴውን እሰበስባለሁ። ማስረጃ ይዤ ካልገባሁ እነዚያ ሰዎች ሌላ ሁለት ዓመት ሻይ ይጠጡበታል። ስማቸውን ንገረኝ፣ የመጡበትን ወረዳ፣ ልጆቻቸው ምን እንደተገኘባቸው። ለበጎ ነው።»

«ለበጎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እህሳ?»

አያ እንኳየሁ የወንድማቸውን ልጅ አዩ፤ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ምናልባት መልሰው መቆም ቢያስፈልግ ብለው። ሄለንም አየችው። ልዕልት ብቻ አላየችውም። ምን እንደሚል ታውቅ ነበር፤ ዳቦ አልቋል የሚልበትን ያንን ድምፅ ጠበቀች፣ ሰኞ ዕለት ያቃጠላትን፣ አሁን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቢደገምላት የማትጠግበውን።

«አልናገርም» አለ አስማረ።